የወደቀ ዛፍን ከደን መንገድ ማንሳት

የወደቀ ዛፍን ከደን መንገድ ማንሳት በጥብቅ ደን ወይም በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የእግር መንገድ የዘጋን ዛፍ ቆርጦ ወይም አንከባሎ መንገዱን መልሶ የመክፈት ሥራ ነው። ዛፉ የሚወድቀው በነፋስ፣ በዝናብ፣ በእርጅና ወይም በእሳት ሊሆን ይችላል። ሥራው ከተራ እንጨት ቆረጣ ይለያል፤ የሚቆረጠው ለመንገዱ የሚበቃው ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው ግንድ እዚያው ለደኑ ይተዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ የወደቀ ዛፍ ማገዶም አጥርም ስለሆነ፣ ከመቁረጡ ይልቅ ከተቆረጠ በኋላ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይከብዳል።

መንገዱ ለምን ይከፈታል

ግንድ መንገድ ሲዘጋ ሰው አይመለስም፣ ዞሮ ያልፋል። የተጫነ በቅሎ ወይም አህያ ሲመጣ ደግሞ ዙሪያው ይሰፋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲስ መንገድ ይወጣል፤ ችግኝ ይረገጣል፣ አፈሩ ይጠብቃል። ክረምት ሲገባ በተረገጠው መሬት ላይ ጎርፍ ይወርድበታል፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነም ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ ግንዱን የማንሳት ዋና ምክንያት የመንገደኛው ምቾት ሳይሆን መንገዱ አንድ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

የዚህ ውጤት ከደኑ ርቆም ይሄዳል። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ይነሣል፤ ከተማውን አቋርጦ በቃሊቲ በኩል ወደ ደቡብ ይወርድና ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ሰው ሠራሹ የአባ ሳሙኤል ሐይቅ በደለል እየተሞላ የመጣ ነው። ለዚህ ትልቁ ድርሻ የእርሻ መሬትና የከተማው እንጂ የደን መንገድ አይደለም። ሆኖም የተራራው ዳገት አፈሩን መያዝ ወይም መልቀቁ ቃሊቲ ላይ በሚያልፈው ውኃ ቀለም ይታያል።

የመናገሻ ሱባ ደን

በአዲስ አበባ አካባቢ ይህ ሥራ ከሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አንዱ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ደኑ እንዲጠበቅ ተደርጓል። በአፍሪካ ከታወቁት ጥንታዊ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው።

የተራራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከግርጌው ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከጫፉ አጠገብ አስታ ይበቅላል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል። በክረምት አፈሩ ውኃ ሲጠግብ የሥሩ መያዣ ይላላል፤ በዳገት ላይ ያደገ ትልቅ ዛፍም ነፋስ ሲመታው ከነሥሩ ሊነቀል ይችላል።

የሐበሻ ጥድ ሲወድቅ የራሱ ባሕርይ አለው። ውስጠኛው እንጨት ብስባሴንም ምስጥንም ስለሚቋቋም ቶሎ አይበሰብስም። ባላገር ለአጥር፣ ለቤት ምሰሶና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚመርጠው ለዚህ ነው። ሌላ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተልፈስፍሶ መንገዱን ሊለቅ ሲችል፣ ጥድ ካልተነሣ ለረጅም ዘመን እንደተጋደመ ይቀራል።

የትኛው ይቆረጣል፣ የትኛው ይተዋል

ሁሉም የወደቀ ዛፍ መነሣት የለበትም። የወደቀ ግንድ የፈንገስና የነፍሳት ቤት ነው፤ ግንደ ቆርቁር የሚበላውን የሚያገኘው ከሞተ እንጨት ነው፤ በወደቀው ዛፍ ፋንታ በሚከፈተው ብርሃን አዲስ ችግኝ ይነሣል። ቀጭን ከሆነና እግረኛ ያለችግር የሚሻገረው ከሆነ መተው ይቻላል። ወፈር ያለ ሆኖ መንገዱ ለእግረኛ ብቻ ከሆነ፣ ከላዩ ጠረብ አድርጎ እንደ ደረጃ መረገጫ ማበጀት ይበቃል። መንገዱ የጭነት ከብት የሚያልፍበት ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ በቅሎ ከነጭነቷ በግንድ ላይ መዝለል የለባትም፣ መከፈት ያለበትም ስፋትና ከፍታ ከእግረኛው ይበልጣል።

አቆራረጥ

መጋዝ ከመነሣቱ በፊት የሚታየው ላይኛው ነው። በወደቀው ዛፍ ምክንያት የተሰበረ ቅርንጫፍ በአጠገቡ ባለው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል፤ ግንዱ ሲነካ ይወርዳል። ቀጥሎ ግንዱ በምን ላይ እንዳረፈ ይጠናል፤ ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

የወደቀ ዛፍ ዕረፍት ላይ ያለ ቢመስልም ውስጡ ውጥረት አለ። ሁለቱ ጫፎች ተደግፈው መካከሉ ባዶ ከሆነ፣ ላይኛው ጎን ይጨመቃል፣ ታችኛው ይወጠራል። ከላይ ብቻ ቢቆረጥ ግንዱ መጋዙን ነክሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ከላይ ጥቂት ተቆርጦ ሽብልቅ ይገባበታል፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይጨረሳል። አንዱ ጫፍ ብቻ ተደግፎ ሌላው በአየር ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚወጠረው ላይኛው ስለሆነ መጀመሪያ ከታች ጥቂት ተቆርጦ ከላይ ይጨረሳል። ይህ ቅደም ተከተል ከተሳተ ግንዱ በቁመቱ ሊሰነጠቅና ቆራጩን ሊመታ ይችላል።

ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ከሁሉ ይከፋል። ሥሩ አፈርና ድንጋይ ይዞ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በቦታው የያዘው የግንዱ ክብደት ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ ወደ ጉድጓዱ ሊመለስ ወይም ወደ ቁልቁለቱ ሊንከባለል ይችላል። ከጀርባውም ሆነ ከጉድጓዱ ውስጥ ማንም መቆም የለበትም፤ ልጆች እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ለመጫወቻ ስለሚወዱት ሥራው ሳይጀመር መታየት አለበት። ከግንዱ በታች ተጎንብሶ የተያዘ ወጣት ዛፍም ሲለቀቅ እንደ ጅራፍ ይመታል።

ቆራጩ የሚቆመው ከቁልቁለቱ በላይ በኩል ነው። በዳገት ላይ የተቆረጠ ጉማጅ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ የመጨረሻው ክር አይቆረጥም፤ ከታች የሚያልፍ ሰው ካለም ይቆማል። ሁለቱ ቁርጦች ትይዩ ከሆኑ ጉማጁ መካከል ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ወደሚወጣበት ጎን ሰፋ ተደርጎ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ከዚያ በእንጨት ወይም በብረት ዘንግ ተፈንቅሎ ይወጣል። ጉማጁ ከመንገዱ በታች በኩል ይደረጋል፤ የውኃ መውረጃ ላይ ከተጣለ ጎርፉ ወደ መንገዱ ይገባል።

መሣሪያ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የምድረ በዳ ሕግ በጥብቅ ዱር ውስጥ በሞተር የሚሠራ መሣሪያን በመከልከሉ፣ እዚያ ሥራው ዛሬም በአብዛኛው በእጅ መጋዝና በመጥረቢያ ይከናወናል። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ የሚስቡት ረጅም መጋዝ የደን ፋብሪካዎች ከተዉት በኋላ በሕይወት የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ መጋዝ እያንዳንዱ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ የሚገፋ ሰው ምላጩን ያጎብጠዋል።

በኢትዮጵያ ምክንያቱ ሌላ ነው። የሞተር መጋዝ ነዳጅ፣ ዘይት፣ መለዋወጫና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ መጥረቢያ ግን በየቤቱ አለ። ሆኖም መጥረቢያ ወፍራም ጥድ ላይ አዝጋሚ ነው፣ ፍልጡም ብዙ እንጨት ያባክናል። የሞተር መጋዝ ድምፅ ሌላም ጣጣ አለው፦ ጥብቅ ደን ውስጥ ሲሰማ መንገድ እየተከፈተ ይሁን ዛፍ እየተሰረቀ ከሩቅ መለየት አይቻልም።

እንጨቱ የማን ነው

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥንም የደን ውጤት ማውጣትንም ይከለክላል። ዛፉ ወድቋል ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የመንደሩ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ያያል፤ የቆመውን አትቁረጥ መባሉን የሚቀበል ሰው የወደቀውንም አትንካ ሲባል ይገርመዋል።

ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። በእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው ወደ አዲስ አበባ ሲያወርዱ የኖሩ ሴቶች አሉ፤ ለእነርሱ የወደቀ ቅርንጫፍ የዕለት እንጀራ ነው። በሌላ በኩል የወደቀውን መውሰድ ከተፈቀደ፣ ዛፍ እንዲወድቅ ሥሩን በእሳት ማቃጠል ወይም ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥ ትርፍ ያመጣል። ስለዚህ ግንዱ ከመቆረጡ በፊት ሥሩ ይታያል። በነፋስ የተነቀለ ሥር አፈር ይዞ ይወጣል፤ የተቃጠለ ወይም በመጥረቢያ የተነካ ግንድ ግን ጠባሳው ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ምልክት ከተገኘ ግንዱ ከመነካቱ በፊት ለደን ጠባቂው ይነገራል፤ መንገዱ እስከዚያ ድረስ እንደተዘጋ ይቆያል።