የቲቢ ተጋላጮች እነማን ናቸው? በኢትዮጵያ እየተለወጠ የመጣው የበሽታው ገጽታ

ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ «ለቲቢ ተጋላጭ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ነበር። የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና የመከላከል አቅም ሲዳከም ይነሣልና ግምቱ መሠረት ነበረው። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ግን ይህ ጫና እየቀለለ ሄደ፤ ሌሎች ተጋላጮችም ይበልጥ ጎልተው መታየት ጀመሩ።

በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100,000 ሰዎች 277ቱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ እንዳለባቸው ገመተ። በማይክሮስኮፕ የአክታ ምርመራ የሚለዩት ግን 108 ብቻ ነበሩ። ያኔ ጤና ጣቢያዎች በዋናነት የሚተማመኑት በማይክሮስኮፕ ስለነበር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን፣ ቢመረመሩ እንኳ፣ ሳይታወቁ ሊመለሱ ይችሉ ነበር። ከጤና ተቋም ርቀው ለሚኖሩ አርብቶ አደሮች ደግሞ ምርመራው ራሱ ሩቅ ነው።

ርቀት ምን ያህል ሕሙማንን እንደሚሰውር በሲዳማ ታይቷል። በዚያው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለውን ሰው መፈለግ ጀመሩ። አክታውን እዚያው ተቀብለው ስላይድ ላይ ይቀባሉ፤ ተቆጣጣሪው በሞተር ብስክሌት ላቦራቶሪ ያደርሰዋል። ከ100,000 ነዋሪ በዓመት 64 የነበረው በአክታ ምርመራ የተረጋገጡ ሕሙማን ምዝገባ 127 ደረሰ። በሽታው በአንድ ጊዜ አልተባባሰም፤ የተደበቀው ነው የወጣው።

በማረሚያ ቤት ችግሩ ሌላ ነው፤ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል ብዙ ሰው ተጨናንቆ ያድራል። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ በዳስ ተፋፍጎ ከማደሩም በላይ የስድስት ወር ሕክምናውን ሳይጨርስ ሥራው ያልቃል፤ ወደ አገሩ ይመለሳል። መድኃኒት በየመሐሉ ሲቋረጥ የተላመደ ባክቴሪያ የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሕክምና የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ይህ ዓይነቱ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር አወጣ፤ የቲቢና የቲቢ/ኤችአይቪ ጫና ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ግን አሁንም ናት።

ተጋላጭነት ከቤትም ይጀምራል። በህንድ ጃርካንድ ግዛት በተካሄደ ጥናት የሕሙማን ቤተሰቦች ተጨማሪ ምግብ ሲሰጣቸው በመካከላቸው አዲስ የሚያዘው ሰው በ39 በመቶ ቀነሰ። እንዲህ ከሆነ በምግብ እጥረት ውስጥ ያለ የታማሚ ቤተሰብ ከእስረኛውና ከቀን ሠራተኛው ጋር በተጋላጮች ዝርዝር ሊገባ ይገባል።