ከሣር ክዳን እስከ ቆርቆሮ፦ የአጣዬ ቤቶችና የሙቀት ታሪካቸው



የቤት ኢነርጂ ኦዲት ለመማር የመጣችሁ ሁሉ ዛሬ ስለ መለኪያ መሣሪያዎች እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን ከታሪክ እጀምራለሁ። አንድ ቤት ለምን እንደሚግል ማወቅ ግማሽ እውቀት ነው፤ ባለቤቱ ያንን ቤት ለምን እንደ መረጠ ሳያውቅ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ሰሚ አያገኝም።

በልጅነቴ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ወደ አጣዬ ዘመድ ጥየቃ እወርድ ነበር። የአያቴ ቤት ሣር ክዳን ጎጆ፣ የአጎቴ ደግሞ ባለ ቆርቆሮ ነበር። እንግዳ የሚቀበሉት ከአጎቴ ቤት ነው። አያቴ ግን «ለዓይን የአጎትህ ቤት፣ ለእንቅልፍ የእኔ ቤት» ትለኝ ነበር። የአባባሏ ትርጉም የገባኝ ፊዚክስ ከተማርሁ በኋላ ነው።

ሙቀት በሦስት መንገድ ይጓዛል፦ በንክኪ፣ በአየር እንቅስቃሴና በጨረራ። በቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ እስከ 1,000 ዋት የሚደርስ ኃይል ያርፋል። የሣር ክዳን በጭራሮው መካከል የታመቀ አየር ስላለው ሙቀቱን ይገታል፤ ብረት ግን ከሣር ብዙ መቶ እጥፍ ሙቀት አስተላላፊ ነው። ባለ 32 ጌጅ የሚባለው ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ በቅጽበት ወደ ታች ያልፋል። ኮርኒስ በሌለበት ቤት ጣሪያው ራሱ እንደ ጋለ ምጣድ ከላያችን ተንጠልጥሎ ይውላል።

ድንጋይ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ሙቀትን አጥብቆ ባይከለክልም ያዘገየዋል፤ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማድረስ አሥር ሰዓት ያህል ይወስድበታል። የይፋት ሰዎች ይህን በተግባር ያውቁት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በኃያልነቱ የታወቀው የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች፣ እንደ ኖራና አስበሪ ያሉት፣ የድንጋይ ግድግዳቸው ፍርስራሽ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወደ ሰሜን በምትገኘው በጥንታዊቷ የአርጎባ መንደር በሾንኬም ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ያላቸው ቤቶች አሉ።

ታዲያ ቆርቆሮ እንዴት አሸነፈ? ሞገደኛው የብረት ክዳን በለንደን የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ወደ አገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲገባ መጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ክዳን ሆነ፤ ስለዚህ ክብር ተላበሰ። እ.ኤ.አ. በ1917 የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ኋላም የደሴው መኪና መንገድ በይፋት በኩል ሲያልፍ፣ ከባዱ ጭነት ወደ ቆላው መድረስ ቻለ። ባሕር ዛፉም አገዘው፤ ቀጭን ወራጅ የሚሸከመው ቀላል ክዳን ቆርቆሮ ነውና። ከሁሉ በላይ ግን ሣር ይነዳል፣ ይበሰብሳል፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ሕዝቡ ቆርቆሮን የመረጠው ባለማወቅ አልነበረም፤ ምርጫው ምክንያት ነበረው።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ በግጭት ተቃጥላ አብዛኛው ክፍሏ ወደመ። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው «ወደ ሣር ክዳን ተመለስ» ማለት ነውር ነው። በፍጥነት የሚሠራውና በቶሎ የማይነደው ቆርቆሮ ነበር። ነገር ግን ኮርኒስ አልባው ቤት በግንቦት ሙቀት ነዋሪውን ደጅ ያሳድረዋል፤ ደጅ የሚያድር ሰው ደግሞ አጎበር ከሌለው ለወባ ትንኝ ይጋለጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው።

ኢነርጂን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኢነርጂ ቁጠባ ይናገራል፤ ስለ ቁጠባ ስናስብ ግን ቶሎ ትዝ የሚለን ፋብሪካው ነው። እኔ የምለምናችሁ የጭቃውን ቤትም እንድትመረምሩ ነው። ከቆርቆሮው በታች የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ መኖሩን እዩ፤ ካለ በላዩ የታመቀው የጋለ አየር የሚወጣበት ክፍተት በጣሪያው ጫፍና ጫፍ መኖሩን ጠይቁ። ጣሪያው ነጭ ቢቀባ ብዙውን የፀሐይ ጨረር ይመልሳል። በምዕራብ በኩል በረንዳ ወይም ዛፍ ቢኖር የከሰዓቱ ፀሐይ ግድግዳውን አያገኘውም። በጭድ የተቦካው የጭቃ ምርግም በሲሚንቶ ከመተካቱ በፊት ደግማችሁ አስቡበት።

የአያቴ ጎጆ ዛሬ የለም፤ እንዲመለስም አልመኝም። የምመኘው በአጎቴ ቤት ውስጥ የአያቴን እንቅልፍ መተኛት እንዲቻል ነው። ለሙያችሁ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም።