ዘፈኑም በሸቀጡ መንገድ ሄደ

ባለፈው መስቀል ወደ ቡታጅራ ስወርድ ሚኒባሱ ገና ዓለምገናን ሳይለቅ ሾፌሩ ፍላሹን ሰካ። የማህሙድ አህመድ የቆየ ዘፈን ነበር። ድምፁ የማህሙድ ነው፤ ከድምፁ ሥር ግን ዘፈኑ በተቀዳበት ዘመን ያልነበረ ከበሮ ይመታል። ቤዙ ወፍሯል፣ ፍጥነቱ ጨምሯል፣ ጭብጨባ የሚመስል ነገር በየመሃሉ ይገባል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ረዳቱን ጠሩት።

«ልጄ፣ ይሄን እንዲህ አድርጎ የሠራው ማነው?»

«ሪሚክስ ነው አባባ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ማነው የሠራው?»

ረዳቱ አላወቀም። ሾፌሩም አላወቀም። ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ በቆየው ፋይል ላይ የተጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዛውንቱን ጥያቄ ይዤ ዞሬያለሁ። የጉራጌን ጭፈራ እያነሳ እንደገና የሚሠራው ሰው ማነው? ዘፋኙን እናውቀዋለን። ከኋላው ቆሞ ምቱን የሚቀምረውን፣ የሚያስቀዳውን፣ የሚያሳትመውን ግን አገሩ ሁሉ እየጨፈረለት ስሙን አይጠራም።

ምንጩ ጀፎረ ነው። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በመካከል የሚተዉትን ያን ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መንገድ አይረሳም። ሠርግም፣ ለቅሶም፣ የመስቀል ጨዋታም የሚሆነው እዚያው ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከበሮ አለ፣ ዋናው መሣሪያ ግን እጅና እግር ነው። ጭብጨባው ፈጣን ነው፣ ጉልበቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ መሬቱ ይመታል። በክስታኔ በኩል ደግሞ ከመስቀል በኋላ በየገበያው ቦታ ወጣቶች የሚተያዩበት የአዳብና ጨዋታ አለ። እዚያ አቀናባሪ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ይጨምርበታል፣ ሁሉም ይቀንስበታል። ሪሚክስ የሚሉት ነገር በፈረንጅ ስም ሳይጠራ ጀፎረ ላይ ሲሠራ ኖሯል ብዬ አምናለሁ።

ጭፈራው ከጀፎረ የወጣው ከሰው ጋር ነው። የጉራጌ ወጣት እንሰቱን ለቤተሰቡ ትቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ሊስትሮ ሆነ፣ ተሸካሚ ሆነ፣ ቆይቶም መርካቶ ውስጥ መደብ ያዘ፣ ከዚያም ሱቅ። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ የሚሠራ ማኅበር እስከማቋቋም ደረሱ። በዚያ መንገድ ጨው፣ ጨርቅና ቆርቆሮ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ወረደ፤ በርበሬ፣ ቆጮና ጫት ወደ ላይ ወጣ። ዘፈኑም በሸቀጡ መንገድ ሄደ። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። የኢትዮጵያ የዳንስ ሙዚቃ አሳታሚዎች ታሪክ በአብዛኛው የባለሱቆች ታሪክ ነው፤ ስቱዲዮና ቢሮ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው።

ማህሙድ ራሱ የመርካቶ ልጅ ነው። በ1933 ዓ.ም. ከጉራጌ ቤተሰብ አዲስ አበባ ተወለደ። ጫማ ጠርጓል፣ ያገኘውን ሥራ ሠርቷል፤ በመጨረሻም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በትርፍ ሰዓታቸው በሚጫወቱበት አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ገባ። ዘፋኞቹ ያልመጡበት አንድ ምሽት እስቲ እኔ ልሞክር አለ። ሞከረ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነ። የኦርኬስትራው ዜማ ደራሲና አቀናባሪ ሳህሌ ደጋጎ ነበር። በእጅና በእግር የኖረው ምት ለመለከትና ለሳክስፎን በወረቀት ላይ የተጻፈው እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ ነው። የአገር ቤቱን ጨዋታ በነሐስ መሣሪያ እንደገና መሥራት ትልቅ ሥራ ነው፤ በጭፈራ መካከል ማን ምን ያህል ይጠብቅ፣ መለከቱ የት ይመልስ፣ የሚለውን ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ ነበረበት።

ነገሩ ወደ ሸክላ የተሻገረው በአንድ ደፋር ወጣት ነጋዴ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው፤ የውጭ ሸክላ ይሸጣል፣ የአገሩን የሚፈልግ ደንበኛ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1969 ትእዛዙን ተላልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀዳና ቴፑን ለማሳተም ህንድ አገር ላከው። ሸክላው ተመልሶ መጣ፣ ተሸጠ፤ አምሃም አልታሰረም። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ረዣዥሞችን አሳተመ። የማህሙድ የመጀመሪያ ሸክላም ከእነዚህ ውስጥ ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣና አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ስድስት ዓመት ብቻ ነው የሠራው፤ እስከ ዛሬ የምንጨፍርበት ግማሹ ነገር ከዚያ ስድስት ዓመት የመጣ ይመስለኛል።

ሌላው አሳታሚ ዓሊ ታንጎ ነው። በሙሉ ስሙ ዓሊ አብደላ ካይፋ የታንጎ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ነበር፤ አሳታሚነቱም ካይፋ በሚል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማህሙድ ከኢቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ያሳተመው እሱ ነው። ኢቤክሶች ራስ ሆቴል ሲጫወቱ የነበሩ ናቸው፤ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በጊታር። ኋላ ሮሃ ባንድ የተባሉት እነሱ ናቸው፤ በካሴት ዘመን እነሱ ያላጀቡትን ድምፃዊ መፈለግ ይቀላል። ዘፈኑን አሁን ከፍታችሁ ድምፁን ለጊዜው ተዉትና ሥሩን አድምጡ። ቤዙ አንድ ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይመላለሳል፣ ጊታሩ ይቆራርጠዋል፣ ሳክስፎኑ ጠብቆ ጠብቆ ይገባል። ማህሙድ በዚያ ላይ እንደልቡ ይዘረጋል። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚቀምር ልጅ ሉፕ የሚለው ነገር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሰው ጣት ነበር የሚያዞረው።

የደርግ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው። ሸክላው ቀረ፣ ካሴት ገባ፤ ሙዚቃ ቤቱ አስቀጂም አከፋፋይም ባንክም ሆነ። ባለሱቁ ለድምፃዊው ቅድሚያ ይከፍላል፣ ባንዱን ይዋዋላል፣ ካሴቱን ያባዛል፣ በካርቶን አሽጎ ለክፍለ ሀገር አውቶቡስ ይሰጣል። ልጅ ሆነን የመስቀል ሰሞን ከሸንኮራና ከአዲስ ልብስ ጋር የምንጠብቀው ካሴት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ቴፑን ደጅ አውጥቶ ሲከፍተው፣ ከጀፎረ ተነስቶ መርካቶ የሄደው ጭፈራ ተለውጦ ተመልሶ እዚያው ጀፎረ ላይ ይጨፈርበታል። አሮጊቶቹ ያውቁታል፣ ግን አያውቁትም።

በዚያው ጊዜ ባሕር ማዶም አንድ ነገር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ፈረንሳይ አገር ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ሰው፣ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣውን የማህሙድ ሸክላ ሰማ። በማግስቱ ከሚያውቃቸው ሁሉ ጋር ስለዚህ ድምፅ ከመነጋገር አልተመለሰም፤ አዲስ አበባ ድረስም መጣ። በ1986 ቤልጅየም የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አወጣው። ኋላም ፋልሴቶ በቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲጀምር ሰባተኛው ቅጽ የማህሙድ ሆነ። ማህሙድ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ሸክላዎች የፓሪስና የለንደን ዲጄዎች ሲያዞሯቸው ኖረዋል።

ሪሚክስ በዓለም ላይ የተወለደበትም ቦታ ከመርካቶው ሱቅ ብዙ አይርቅም። ጃማይካ ኪንግስተን ውስጥ ኪንግ ተቢ የራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ የተቀዳ ዘፈን ድምፁን እየቀነሰ፣ ቤዙንና ከበሮውን እያስቀደመ አዲስ ነገር አደረገው። ኒውዮርክ ላይ ቶም ሞልተን ለጨፋሪ ሲል ሦስት ደቂቃውን ዘፈን አስረዘመው። ሁለቱም አልዘፈኑም። የሚታወቁት ግን በስማቸው ነው፤ ሸክላው ላይ ተጽፎላቸዋል።

እኛ ዘንድ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሁሉን የሚሠራ ሰው ቀደም ብሎ ነበረ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ምት ከሚመታ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ቀዳ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም፣ ሲቀዳ ያልተወለዱ ልጆች ሁሉ ጨፈሩበት። አገር ቤት ኪቦርዱ ባንዱን እየተካ ሄደ። የወልቂጤ ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርዲስት ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ መለከቱንም ይዞ ሲመጣ ብዙ ሰው ባህሉ ጠፋ ብሎ አዘነ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጭብጨባውን ጨፋሪው ይዞ ይመጣል፤ እሱን ማሽኑ አልነጠቀም።

የአቀናባሪን ስም ካሴት ሽፋን ላይ ያገነነው ትውልድ ኋላ መጣ። አበጋዝ ክብረወርቅ፣ ከእርሱም በኋላ ኤልያስ መልካ። ኤልያስ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተማረ፤ የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» አቀናበረ፣ የእዮብ መኮንንን፣ የዘሪቱ ከበደን፣ የሚካያ በኃይሉን ሥራዎች በበገና ስቱዲዮ ሠራ። ሰው አልበም ሲገዛ ማን አቀናበረው ብሎ መጠየቅ የጀመረው በእርሱ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ሙዚቀኛ መብት ሲከራከር ኖረ፤ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ሲያቋቁም ዘፈኑ በተሸጠ ቁጥር የሠሪው ድርሻ እንዲታወቅ ነበር ሐሳቡ። አውታር ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ መስከረም 2012 ዓ.ም.፣ ኤልያስ አረፈ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሚኒባሱ ላይ ግን ረዳቱ ማን እንደሠራው አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ልጆች ከኮምፒውተር ነው የተነሱት። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ባለው 1432 አር በኩል ሥራቸውን አወጡ፤ እንደገና ሙሉ ለሚሠራው ሙዚቃ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ስም ሰጠው። ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. «ነፀብራቅ»ን ሲያወጣ ደግሞ ዲጄ፣ አቀናባሪና ድምፃዊ በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ፤ ከማሽኑ ጀርባ የነበረው ሰው መድረኩ ፊት ወጣ። ማህሙድ ጥር 2017 ዓ.ም. ሚሌኒየም አዳራሽ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ አዳራሹን ከሞላው ሕዝብ ብዙው በሮፍናን የጨፈረ ትውልድ ሳይሆን አይቀርም።

ቡታጅራ ስንደርስ ሾፌሩ ዘፈኑን በስልኬ ላከልኝ። መነኸሪያው አጠገብ ዘፈን የሚጭን አንድ ሞባይል ቤት ገባሁና እዚያ ለሚሠራው ልጅ አሰማሁት። ልጁ ገና መግቢያውን ሲሰማ ሳቀ። «በጣም እየተጫነ ነው፤ የወልቂጤ ልጅ ነው የሠራው» አለኝ፤ ስሙን ግን አያውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወልቂጤ ነበርኩ። ገበያው ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ይህንኑ ዘፈን ከፍተው አገኘሁ። ባለሱቋን ማን እንደሠራው ጠየቅኋት።

«እሱማ ከቡታጅራ ነው የመጣልን» አለችኝ።