የዲፕሎማቶች ጋብቻ ከውጭ ዜጎች ጋር (ሕንድ)

የሕንድ ዲፕሎማት የውጭ ዜጋ ለማግባት አስቀድሞ የመንግሥትን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዲፕሎማቱ ኬ. አር. ናራያናን በበርማ ከተማ ራንጉን ተመድበው ሳለ ከበርማዊቷ ቲንት ቲንት ጋር ተዋወቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ በልዩ ሁኔታ ፈቅደውላቸው እ.ኤ.አ. በ1951 ደልሂ ላይ ተጋቡ። ሙሽራዋ ኡሻ የሚለውን ስም ይዘው የሕንድ ዜግነት ወሰዱ፤ ባልየውም በ1997 ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በሴቶች ላይ ግን ቀንበሩ ይከብድ ነበር። በ1961 ደንብ መሠረት ሴት ዲፕሎማት የገዛ አገሯን ሰው ለማግባት እንኳ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር፤ ካገባችም በኋላ ቤተሰቧ ሥራዋን ያስተጓጉላል ከተባለ ልቀቂ ልትባል ትችላለች። ይህ ዓይን ያወጣ አድልዎ ነበር። ዲፕሎማቷ ሲ. ቢ. ሙታማ መንግሥትን ከሰሱ፤ በ1979 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ክሪሽና አየር ደንቡን አጥብቀው ነቀፉ፤ መንግሥትም እንደሚሰርዘው ለፍርድ ቤቱ አሳወቀ።