የሌሊቱ ጥያቄ፤ የሰቀቀን መጠይቅ በሰሜን ሸዋ

የአንኮበር ሰው ማለዳ ከደጁ ወጥቶ ጎረቤቱን ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው፤ እንደምን አደሩ ይላል። የተጠየቀውም፣ ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ ቢያድር፣ ወይም በክፉ ሕልም እየባነነና የሞተበትን ሰው ድምፅ የሰማ እየመሰለው ሲገላበጥ ቢነጋበት፣ መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ምስጋና በደስታም በመከራም ለፈጣሪ ይገባል ተብሎ ከአበው የተወረሰ ሥርዓት ነው። ሆኖም ጠያቂው ከዚያ በላይ ስለማይመረምር፣ ተጠያቂውም ስለማይጨምር፣ ሌሊቱ ሳይነገር ይቀራል።

በሕክምና ቋንቋ ድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት የሚባለው፣ እኔ ግን የእናቶቻችንን ቃል መርጬ ሰቀቀን የምለው ሕመም፣ የሚኖረው በዚያ ሳይነገር በሚቀረው ሌሊት ውስጥ ነው። ዛሬ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ይህን ሕመም ለመለየትና ሂደቱን ለመከታተል፣ ሰው ስለ ራሱ የሚመልስበትን መጠይቅ ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያዎች ሲገቡ አይተናል፤ ወረቀቱ ከየት እንደ መጣና ከእርሱ በፊት በዚህ አገር ማን ይጠይቅ እንደ ነበረ ማወቅ፣ መልሱን በቅን ለመስማት ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

ሰሜን ሸዋ ለሰቀቀን እንግዳ የሆነ አገር አይደለም። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የኢጣልያው ገዥ ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ ያገኛቸውን መነኮሳት ካስረሸነ በኋላ፣ በሕይወት ተርፈው የነበሩትን ዲያቆናት ደግሞ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ አስገደላቸው፤ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው መልእክት የመነኮሳቱን ቁጥር 297፣ የዲያቆናቱን 129 ብሎ አስታውቋል። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ ዘረት በተባለው ስፍራ አርበኞች ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ተጠልለውበት የነበረውን ዋሻ የኢጣልያ ጦር ከቦ በመርዝ ጋዝ አፈነው፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትንም ወንዶች ረሸናቸው። ጥቂቶች በሌሊት አምልጠዋል። የዋሻው ታሪክ በውጭው ዓለም በሰፊው የታወቀው፣ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ በ1998 ዓ.ም. ከስፍራው ደርሶ አጽሙን ካየ ወዲህ ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ ግን ነገሩን ለ67 ዓመታት በሆዱ ይዞት ኖሯል።

ከዚያ ዋሻ ያመለጠው ሰው ኋላ በእርሻው መካከል ቆሞ የጢስ ሽታ ሲሸተው ምን ይሰማው ነበር? ከድል በኋላ መንግሥት አርበኞችን ኒሻን ሸልሟል፤ ስለ ጀግንነታቸውም ፉከራና ቀረርቶ ተደርድሯል፤ ስለ እንቅልፋቸው ግን የጠየቃቸው የመንግሥት መዝገብ አልነበረም።

ፈጽሞ ማንም አልጠየቃቸውም ብል ግን አገሬን እበድላለሁ። የነፍስ አባት ነበር፤ የንስሐ ልጁን ከሕዝብ ለይቶ፣ መስቀሉን ይዞ ምን አስጨነቀህ እያለ ይመረምር ነበር። ለቅሶ ነበር፤ አልቃሿ የሟቹን አገዳደል በሙሾ እየደረደረች ቤተ ዘመዱ በደረቱ የያዘውን እንዲያወጣው ታደርግ ነበር። ጸበልም ነበር፤ ሕመሙ ሥጋን አልፎ ወደ ኅሊና የገባበት ሰው ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ሌላ ጸበል ይወሰድና፣ አጥማቂው ያደረበትን መንፈስ ስምህ ማን ነው፣ መቼ ያዝኸው፣ በምን ምክንያት ገባህ እያለ በጥያቄ ያስለፈልፈው ነበር። የዚህን ምርመራ መንፈሳዊ ኃይል ለመመዘን እኔ አልተሾምሁም፤ ነገር ግን መቼ ጀመረህ፣ ከምን ነገር በኋላ የሚለው ጥያቄ በጸበሉ ቦታም በሐኪሙ ክፍልም አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። 

ወረቀቱ የተወለደው በሌላ አገር፣ ግን በተመሳሳይ መከራ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ሮበርት ውድዎርዝ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ የመድፍ ነጎድጓድ ኅሊናቸውን ሊያናውጥባቸው የሚችለውን ወታደሮች አስቀድሞ ለመለየት፣ አዎን ወይም አይደለም ተብለው የሚመለሱ ከ100 የሚበልጡ ጥያቄዎችን አዘጋጀ፤ ጦርነቱ ቀድሞት ስላበቃ ሥራው ለታሰበለት ጉዳይ ሳይውል ቀረ። ከጥያቄዎቹ መጀመሪያ ላይ በደኅና ስለ መተኛት የሚጠይቅ ይገኝበታል። እንደምን አደሩ ማለት ነውና፣ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ተነክቷል።

ሰቀቀን ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ ሐኪሞች መዝገብ የተጻፈው ከቬትናም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ በ1993 ፍራንክ ዌዘርስና ባልደረቦቹ በቦስተን 17 ጥያቄ ያለበትን መጠይቅ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 ታድሶ 20 ጥያቄ ሆነ። ተጠያቂው ባለፈው አንድ ወር ክፉው ትዝታ ሳይፈልገው እየመጣ ምን ያህል እንዳስቸገረው፣ ቅዠቱን፣ ያንን ቦታና ያንን ወሬ መሸሹን፣ ከሰው መራቁን፣ በትንሽ ኮሽታ መደንበሩን፣ ከፈጽሞ እስከ እጅግ በጣም ድረስ ባሉ አምስት ደረጃዎች ይመልሳል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ስለሚቈጠር ድምሩ ከ80 አይበልጥም፤ ከ31 እስከ 33 ባለው ወሰን የደረሰ ሰው ሐኪም በቅርብ ሊመረምረው ይገባል። ቁጥሩ ጥቆማ ነው፤ ሕመሙን ለይቶ የሚወስነው ሰውየውን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያነጋገረው ሐኪም ነው።

ወደ እኛ አገር ቀድሞ የደረሰው ግን ሌላ ወረቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ለማይበቃቸው አገሮች ብሎ ያሰናዳው፣ እርሱም 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ፣ በራስ ምታት ይጀምርና ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ድንጋጤ ይጠይቃል። ይህ አካሄድ ለአገራችን ሰው የተስማማ ነው፤ የእኛ ሰው ኅዘኑን ራሴን ይነድለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሆዴ ባባ እያለ በአካላቱ ስም ይናገራልና። እንዲህም ሆኖ ችግር አላጣውም። ኮርትማን የተባለ ኔዘርላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በኢትዮጵያ ይህን መጠይቅ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ መልሱን ሁለት ነገሮች እንደሚያዛቡት አሳይቷል፤ አንደኛው ጥያቄውን አለመረዳት፣ ሁለተኛው ተጠያቂው ሲመልስ በልቡ የያዘው ምክንያት ነው። ይህን ጥናት ከቁጥር ሁሉ አብልጬ እመለከተዋለሁ። በተራበ ሰው ፊት ቅጽ ይዞ የቆመ እንግዳ፣ ወደደም ጠላም፣ እርዳታ ይዞ የመጣ መስሎ ይታያል፤ ተጠያቂውም አዎን ማለት እህል ያስገኝ እንደ ሆነ፣ አይደለም ማለትም ስሙን ከመዝገብ ያስፍቅ እንደ ሆነ እያሰበ ይመልሳል። ይህን አስመሳይነት ብሎ የሚፈርድ ሰው ተፈናቅሎ አያውቅም።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ገሠገሠ፤ ከወለጋም ቤታቸው የፈረሰባቸውና ወገናቸው የተገደለባቸው ሰዎች እየሸሹ መጥተው ደብረ ብርሃን ገቡ፤ ቻይና ካምፕ በሚባለው ስፍራና በሌሎች መጠለያዎችም ተጠጉ። ያ 20 ጥያቄ ያለው የሰቀቀን መጠይቅ በእነዚህ መጠለያዎች ተጠይቆ ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ታተመ፤ ከተጠየቁት ከግማሽ የሚበልጡት የሰቀቀን ምልክት እንዳላቸው ታወቀ። ዘረት 67 ዓመት የጠበቀውን ያህል ሳይጠብቅ፣ የእነዚህ ሰዎች ሌሊት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተጽፎ በመገኘቱ ለጠያቂዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

መጠይቁ ሰው ለብቻው አንብቦ በእጁ እንዲሞላው የታሰበ ነበር። ፊደል ባልቈጠረ ሰው ዘንድ ግን ጠያቂው ያነባል፣ ተጠያቂው ይመልሳል፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር የጠያቂው ፊት፣ ድምፁና ትዕግሥቱ አብሮ ይመዘናል። በሸራ በተከፈለ መጠለያ ውስጥ፣ ጎረቤት በሚሰማበት፣ የተደፈረች ሴት ስለ ክፉ ትዝታዋ ብትጠየቅ ምን ትመልሳለች? እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፤ በቅጹም ላይ ዜሮ ይጻፍላታል። አረጋዊውን አንቱ ብሎ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ቀዬው አስቀድሞ አጫውቶ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ሌላ ነው።

በመጠለያዎቹ የተደረገው ጥናት በአንድ ወቅት ተጠይቆ የሚፈጸም ዓይነት ነው፤ መጠይቁ ግን ለመለየት ብቻ ሳይሆን ለመከታተልም የተሠራ ነው። ሕክምና የጀመረ ሰው ከሳምንታት በኋላ ያንኑ 20 ጥያቄ ተጠይቆ ድምሩ 10 ያህል ነጥብ ቢቀንስ፣ ሐኪሙ መንገዱ እንደ ቀና ያውቃል፤ ባይቀንስ መንገዱን ይለውጣል። የነፍስ አባትም ልጁን አንድ ቀን አናዝዞ አይተወውም፤ ቀኖናውን ሰጥቶ፣ ጾሙ እንዴት ሆነልህ፣ ስግደቱን ፈጸምህ እያለ ይመለስበታል። ስለዚህ ቅጹን ይዛችሁ ወደ ደብረ ብርሃን መጠለያዎች የገባችሁ ተመራማሪዎች ሆይ፣ እነዚያን ሰዎች እንደ ገና ጠይቋቸው፤ ስትመለሱም የአእምሮ ሐኪም ወይም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ይዛችሁ ግቡ።