ሣጥኑ ውስጥ የኖረው ወረቀት

ስሙኝማ፤ ዛሬ የምወስዳችሁ እንሴኖ ነው፣ ከቡታጅራ ብዙም ሳንርቅ። ሰዎቹን ከየቤቱ ለቅሜ አንድ ቤተሰብ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ሕጉ ግን የአገሩ ሕግ ነው።

አንድ አባት ነበሩ። መርካቶ በርበሬ ሲነግዱ ኖረው፣ ሲደክማቸው አገራቸው ገቡ። በ2008 ዓ.ም. አንድ ማታ ቁጭ ብለው ኑዛዜ ጻፉ፤ ከላይ እስከ ታች በገዛ እጃቸው፣ ቀኑን አስፍረው፣ ፈርመው። ቤቱንና የጓሮውን እንሰት ላስታመመቻቸው ለትንሿ ልጃቸው። ወረቀቱን በፌስታል ጠቀለሉት፣ ፌስታሉን በነጠላ ቁራጭ ቋጠሩት፣ ከብረት ሣጥኑ ግርጌ ከልብስ ሥር አኖሩት። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ።

በ2016 ወደ አኼራ ሄዱ። ልጆቹ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ሲሰባሰቡ ሣጥኑ ተከፈተ። ወረቀቱን ምስጥ አልበላው፣ ዝናብ አልነካው። ትንሿ ልጅ የአባቷን እጅ ጽሑፍ ስታይ እንባዋ ቀደማት።

ወረቀቱን ያሳዩት ጠበቃ ግን መጀመሪያ ያየው ቀኑን ነው።

«የት ነበር የተቀመጠው?»

«ሣጥን ውስጥ።»

«መዝገብ ቤት አልገባም? ውል አዋዋይ ዘንድስ?»

የለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተናዛዡ በራሱ እጅ የጻፈው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው። ስምንት ዓመት አልፎታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እኚያ አባት ወረቀቱን ከምስጥ ሲጠብቁ ዓመቱ አመለጣቸው። አንዱ ልጅ «ስልኬ ላይ ፎቶ አለኝ» ቢል፣ ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። ዋናው ቢጠፋ እንኳ የሚያድነው፣ በአደራ የተቀበለው መዝገብ ቤት ትክክለኛ ነው ብሎ ያረጋገጠው ግልባጭ ነው።

ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ታላቅየው ሽማግሌ ፊት ተነስቶ «የአባቴን ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ ድርሻዬን ለእህቴ ትቻለሁ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ አንዱ ግን እስኪመሽ አንገራግሯል።

ይህን ሁሉ ጥግ ይዘው ያዩት እናት በሳምንቱ «የእኔም ግማሽ አለ፤ ጻፉልኝ» አሉ። ከመሠረተ ትምህርት የቀራቸው ስማቸውን መፈረም ብቻ ነው። በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ሌላ ሰው ቢጽፈው ሕጉ አይከለክልም፤ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡም ከነቀኑ መጻፍ፣ እዚያው መፈረም አለበት። አራት ጎረቤት ተጠራ። ጸሐፊው ማንበብ ሲጀምር ጀበናው ከእሳት ወረደ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መሃል ላይ እጃቸውን አነሱ።

«እንሰቱን ዘለልከው።»

ጸሐፊው አየው፤ እውነትም ዘሎታል። አዲስ ወረቀት መጣ፣ ተጻፈ፣ ከ«እኔ» ጀምሮ እንደገና ተነበበ፣ ተፈረመ። በማግስቱ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ቡታጅራ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወረዱ፤ ሣጥኑን ቤት ትተው።