«ዘመናዊነት» የሚለው ቃልና «አደፍርስ»

«ዘመናዊነት» የሚለው ቃል በሒሳችን ውስጥ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። የኑሮ መሻሻልንም፣ ሞደርኒዝም የተባለውን የኪነ ጥበብ ስልትም በአንድነት እንዲሸከም ተደርጓል። መዘዙ ጎልቶ የሚታየው በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ላይ ነው። ከመንዝ ደጋ ግርጌ፣ በደብረ ሲና የተወለዱት ደራሲ ይህን ልብ ወለድ በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ ብዙዎች የአሮጌና የአዲስ ትውልድ ሙግት አድርገው አነበቡት። ሙግቱስ በእርግጥ አለ፤ አዲስነቱ ግን በአነጋገሩ ነው፤ የካህኑ፣ የባላገሩና የተማሪው አማርኛ አንዱ ለሌላው ሳይገዛ ጎን ለጎን ይሰማል።

ርእሱ ራሱ ይመሰክራል። «ደፈረሰ» ለውሃም፣ ለጠላም፣ ለዓይንም፣ ለአገርም ይነገራል። «አደፍርስ» ደግሞ እንደ አሸብርና እንደ መክት በትእዛዝ አንቀጽ የወጣ ስም ነው፤ «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለውን ተረት የሚያውቅ አንባቢ ትእዛዙን ነቀፋ ብቻ አድርጎ አይሰማውም። ተርጓሚው ይህን ሁሉ በአንድ የባዕድ ቃል ለመያዝ ይቸገራል።

በዚያው በ1962 ዓ.ም. የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ታተመ፤ በካህናትና በሀገረ ሰብ ቋንቋ መጻፉንም በርእሱ ላይ ይናገራል። ልብ ወለዱም ከነዚሁ ከሁለቱ ጎተራዎች ዘግኗል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ዘመናዊ» ስንለው ምንጩን የካደ እናስመስለዋለን። ስለዚህ «ዘመናዊነት»ን ለኑሮው ትተን፣ ለስልቱ «ሞደርኒዝም» የሚለውን የውሰት ቃል ብንይዝ እንመርጣለን።